ሌሊት ቤቱን የምታምስ ድመትን ማረጋጋት ይቻላል?

የሰሚት ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት አንዲት ድመት አለችኝ። ቀን ቀን ምንም አይወጣላትም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ስመለስ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ አገኛታለሁ፤ ትራሱ መካከሉ ጎድጉዶ፣ በጠጕሯ ተሸፍኖ ስለማየው ከዚያ ንቅንቅ ሳትል እንደዋለች ይገባኛል።

ችግሩ የሚጀምረው መብራት ሲጠፋ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን ትሮጣለች፤ መጋረጃ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ከየት እንደምታመጣው የማላውቀውን የሃይላንድ ክዳን በሴራሚኩ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ እያላጋች መጫወቷ ነው። ከጋቢው ሥር የእግሬ ጣት ከተንቀሳቀሰ ዘላ ትነክሰኛለች። በሩን ዘግቼ ልተኛ ስል ደግሞ በሩን እየቧጠጠች ስለምትጮህ ተነሥቼ ጥቂት ምግብ እሰጣታለሁ። ያን በልታ ለጊዜው ጸጥ ትላለች፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግን እንደገና ትጀምራለች።

ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ ትንንሽ ልጆች ስላሏቸው ጉዳዩን በትሕትና ነግረውኛል፤ እኔም አፍሬያለሁ። አንዱ «አውጥተሽ ልቀቂያት» ይለኛል፤ ሌላው «የእንቅልፍ ኪኒን በወተት በጥብጠሽ ስጫት» ብሎ መክሮኛል፤ አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ስትቀመጥ አይታት ጠበል እንድረጭባት ነግራኛለች። ድመቷን ለሰው መስጠትም ሆነ መጣል አልፈልግም። ይህ የድመት ጠባይ ነው ወይስ በሽታ? በምንስ ልለየው እችላለሁ?

የዳሞት ሰው

እኅቴ፣ እኔ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። በእኛ ቤት ድመት የምትኖረው ጎተራ ልትጠብቅ ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ዳር ተጋድማ ስትውል ማንም ሰነፍ ብሎ አይሰድባትም ነበር፤ ሌሊት አይጥ ስታሳድድ ለምታሰማው ኮሽታም የሚነቃ ሰው አልነበረም። ያንቺዋም ያንኑ ጠባይ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ ፈት ሆና መቀመጧ ነው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባል የለ! በሽታ የለባትም፣ ጂንም የለባትም። እኔ የምመክርሽ ማታ በሩን ከፍተሽ እንድትለቂያት ነው፤ ስትዞር አድራ ጠዋት ትመለሳለች። ኪኒን ስጫት የሚሉሽን ግን ፈጽሞ አትስሚ።

የእንስሳት ሐኪም

በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ውሾችንና ድመቶችን አክማለሁ። የዳሞቱ ወንድማችን ስለ ምክንያቱ የሰጡት ሐሳብ ትክክል ነው፤ በመፍትሔው ላይ ግን ስለማልስማማ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ሲሆን፣ ይህች የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ትገኛለች። የምታድናቸው አይጦችና ትንንሽ እንስሳት በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጀንበር ስትጠልቅና ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ እርሷም በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ላይ ትነቃቃለች። ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 የሚሆነውን በእንቅልፍ ታሳልፋለች፤ ጥያቄው የትኛውን ሰዓት ትተኛበታለች የሚለው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትውል ድመት የምታየውም የምታሳድደውም ነገር ስለሌላት እንቅልፏን ቀን ላይ ትጨርስና ጉልበቷን በሙሉ ለሌሊት ታቆየዋለች። ለማየት የሚያስፈልጋት ብርሃን ለሰው ከሚያስፈልገው ስድስት እጅ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ መብራት ማጥፋትዎ ለእርሷ የመኝታ ምልክት አይሆናትም። ደስ የሚለው ግን ድመት የምትኖርበትን ቤት ሥርዓት የምትከተል እንስሳ በመሆኗ፣ የቤቱ ሥርዓት ሲቀየር የእርሷም የእንቅልፍ ሰዓት ቀስ በቀስ ይቀየራል።

ስለ ግድግዳው ጉዳይ በአጭሩ ልመልስ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን ድመት ከ60,000 ኸርዝ በላይ የሆነውን ትሰማለች፤ አይጦች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት ቀጭን ድምፅም በዚህ ውስጥ ይገባል። በኮንዶሚኒየም የቧንቧ መስመር ውስጥ ለውስጥ የምትሄድ አንዲት አይጥ ካለች እርስዎ ባይሰሟትም ድመትዎ ትሰማታለች። ጠበሉን ለራስዎ ያቆዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ድመት በተፈጥሮዋ አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። እርስዎ ከመተኛትዎ በፊት ይህን ቅደም ተከተል ሠርተው ሊያሳልፏት ይገባል። ማታ 3 ሰዓት አካባቢ በቀጭን በትር ጫፍ ላይ የዶሮ ላባ በሲባጎ አስረው ያጫውቷት። ላባው ሁልጊዜ ከእርሷ እየራቀ ይሂድ፤ ወደ አዳኙ የሚሮጥ አይጥ የለምና ወደ ፊቷ ቢወረውሩት ወይ ትሸሻለች ወይ ትሰለቻለች። ከሶፋው እግር ኋላ ይደብቁት፤ ጫፉን ብቻ ያሳዩአት፤ ትንሽ ያቁሙት፤ እንደገና ይሳቡት። ጆሮዋን አቅንታ፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ ኋላዋን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ስትጀምር አደኑ ገብቷታል ማለት ነው። በየመካከሉ እንድትይዘው ይፍቀዱላት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ አፏን ከፍታ ማለክለክ ከጀመረች ወዲያው ያቁሙ። መጨረሻው ላይ እንቅስቃሴውን እየቀነሱ መጥተው አንድ ጊዜ በደንብ ካስያዟት በኋላ የቀኑን ትልቁን ምግብ ያቅርቡላት። በልታ ስታበቃ ፊቷንና መዳፏን መላስ ትጀምራለች፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እንቅልፍ ነው። ሲባጎውን ግን ሁልጊዜ አንሥተው ይቆልፉበት፤ የተዋጠ ክር አንጀትን እየሸበሸበ እስከ ቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ችግር ያመጣል። ግድግዳ ላይ የሚበራውን የሌዘር መብራት ብዙም አልወደውም፤ ድመቷ ምንም ሳትይዝ ስለሚያልቅ ይበልጥ ትናደዳለች። መጠቀም ካለብዎ በመጨረሻ ብርሃኑ የምትይዘው ነገር ላይ ይረፍ።

ከጋቢው ሥር የሚንቀሳቀሰው ጣትም በእርሷ ዓይን አይጥ ነው። ይህን ጠባይ ብዙውን ጊዜ የምናስተምራቸው እኛው ነን፤ ግልገል ሳሉ በእጃችን እያጫወትናቸው መንከስን እንደ ጨዋታ ይለምዱታል። ከአሁን በኋላ እጅና እግር መጫወቻ አይሁን፤ ስትነክስዎት ሳይጮኹ እንቅስቃሴዎን ያቁሙ፤ የምትነክሰው ሌላ ነገር ይስጧት።

ከሁሉም የሚከብደው የሌሊቱ ምግብ ነው። በ8 ሰዓት ስትጮህ ተነሥተው ምግብ ሲሰጧት፣ መጮኽ ምግብ እንደሚያስገኝ እያስተማሯት ነው፤ ስለዚህ ፈጽሞ መቆም አለበት። «ዝም በይ» ብሎ መቆጣትም ለእርሷ መልስ ስለሆነ ዝም ብለው ይተኙ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጩኸቷ ከበፊቱ እንደሚጨምር ይጠብቁ፤ ይህ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። መካከል ላይ ተሸንፈው ከተነሡ ግን ትምህርቱ ይገለበጥና ብዙ ከጮኸች እንደሚሳካላት ትረዳለች። ለጎረቤቶችዎም ጥቂት ከባድ ሌሊቶች እንደሚመጡ አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው። ጠዋትም ዓይንዎን እንደገለጡ ምግብ አይስጧት፤ ፊትዎን ታጥበው፣ ቡናዎን ጥደው ከዚያ ይስጧት፤ አለበለዚያ እርስዎን መቀስቀስ ሥራዋ ይሆናል። መምታትም ሆነ ውኃ መርጨት ፍርሃት ከመጨመር በቀር ምንም አያመጣም።

ስለ ኪኒኑ አንድ ቃል ልበል። የሰው መድኃኒት ለድመት አይሰጥም። የድመት ጉበት ብዙዎቹን መድኃኒቶች ለማጣራት የሚያስችለው ኢንዛይም ስለሚጎድለው፣ ለእኛ ቀላል የሆነው ፓራሲታሞል እንኳ አንዷ ኪኒን ብቻዋን ድመትን ልትገድል ትችላለች። የእንቅልፍ ኪኒኖችም አንዳንዶቹ ከማስተኛት ይልቅ ያሳብዳሉ፤ ሌሎቹ ጉበት ያበላሻሉ። ወተቱም ቢሆን ለብዙ ትልልቅ ድመቶች አይፈጭላቸውምና ተቅማጥ ያመጣል።

ሌሊት ወደ ውጭ ስለመልቀቅ የማልስማማው በአራት ምክንያት ነው፦ መኪና፣ መርዝ በልታ የምትንገዳገድ አይጥ፣ እርግዝና፣ እንዲሁም የእብድ ውሻ በሽታ። የመጨረሻው በከተማችን በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ድመትም ከውሻ ተነክሳ ወደ ሰው ልታስተላልፈው ትችላለች። የእርስዎ ድመት ከቤት ባትወጣም ክትባቱን ትውሰድ፤ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ያልተከተበች ድመት ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ ያለ ምክንያት ከነከሰች፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእግር ጣት ላይ መዝለል ግን ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎ፦ ድመቷ መክናለች? የሌሊቱ ጩኸት ምን ዓይነት ነው? የምትበላውስ ምንድን ነው?

ከስቶክሆልም

ሐኪማችን ከጻፉት ላይ የምጨምረው ቀኑን ስለመሙላት ነው። እኔ የምኖርበት አገር በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ድመቴ የምትነቃው ከፀሐይዋ ጋር ስለሆነ በበጋ ቤታችን የሚተኛ ሰው አልነበረም። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ መስቀላችን ብዙ ረድቶናል፤ አዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ለጠያቂያችን ይህ ያን ያህል ላያስፈልግ ይችላል።

የሚያስፈልገው ግን የሚከተለው ነው። ምግቧን በሳሕን አድርገው ትተው አይሂዱ። ባዶ የእንቁላል ካርቶን ይውሰዱና በየጉድጓዱ አንድ አንድ ፍሬ ደረቅ ምግብ ይጣሉበት፤ ጥቂቶቹን ጉድጓዶች በተጨማደደ ወረቀት ይድፈኗቸው። ድመቷ በመዳፏ እየፈለፈለች ለማውጣት ረጅም ጊዜ ትደክማለች። የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን በስቶ ምግቡ ሲንከባለል እንዲወድቅ ማድረግም ይቻላል። ወንበር ወይም መደርደሪያ መስኮት ሥር ይደረግላት፤ ከሦስተኛ ፎቅ ርግብና ቁራ እያየች መዋል ለድመት ትልቅ ሥራ ነው። መስኮቱና በረንዳው ግን በሽቦ ወንፊት መታጠር አለበት፤ ወፍ አሳድዳ የምትወድቅ ድመት ብዙ ናት።

ምግብ ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚከፈት የምግብ ሣጥን ይሸጣል። ንጋት ላይ እንዲከፈት ሲደረግ ድመቷ የምትጠብቀው ሰውን መሆኑ ይቀርና ሣጥኑን ይሆናል፤ እርሱ ፊት ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሊያስመጡት ይችላሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰካው የሚያረጋጋ ሽታም አለ፤ የድመትን የፊት ጠረን አስመስሎ የተሠራ ነው። ለአንዳንዶች ይሠራል፤ ለሌሎች ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ጥናቶቹም ወጥ ውጤት አላሳዩም። ካትኒፕ የሚባለውን ቅጠል ደግሞ ለማስተኛት ብለው እንዳይገዙት። ከሦስት ድመቶች ሁለቱ ያህሉን ብቻ ነው የሚነካው፤ እነርሱንም መጀመሪያ የሚያደርጋቸው ማቀበጥ ነው። ከጨዋታ በፊት ይሆናል፤ ለመኝታ አይሆንም።

የሰሚት ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪማችን ለጠየቁኝ ልመልስ። አልመከነችም። ጩኸቷ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምግብ ስትፈልግ የምታሰማው አጭር ድምፅ ሲሆን፣ ሌላው ግን አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ረጅምና ሕፃን የሚያለቅስ የሚመስል ነው። በዚያን ጊዜ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች፤ ወገቧን ስነካት ኋላዋን ከፍ አድርጋ ጭራዋን ወደ ጎን ታደርጋለች። ሳምንት ያህል ቆይቶ ይተዋታል፤ ከዚያ እንደገና ይመለሳል። ሆዷን አሟት መስሎኝ ነበር።

የምትበላው ከቤት የተረፈውን እንጀራ በወጥ ነው። ቅዳሜ ከሥጋ ቤት ሳንባ እገዛላታለሁ፤ በጾም ግን ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማላበስል ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ እሰጣታለሁ፤ አጥግቤ ነው የማበላት።

የእንስሳት ሐኪም

የጻፉት ነገር ጉዳዩን ግልጽ አድርጎልኛል። ያ ረጅም ጩኸት ሕመም አይደለም፤ ድራት ላይ (ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ላይ) መሆኗን ያሳያል። ሴት ድመት ከወንድ ጋር ካልተገናኘች በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እየተመለሰ ይመጣባታል። ሰሜን አውሮፓ የቀኑ ብርሃን ሲያጥር ለጥቂት ወራት ያርፋሉ፤ እኛ አገር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ዓመቱን ሙሉ ሊቀጥል ይችላል። ለዚህ ጩኸት ጨዋታም ሆነ ዝምታ መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ማምከን ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ይመረጣል፤ የእርስዎዋ ያለፋት ቢሆንም ዓመት ሳይሞላት ቢደረግ የጡት ካንሰር ስጋቷን በእጅጉ ይቀንሳል። በድራት ጊዜ የደም ሥሮቹ ስለሚያብጡ ከተቻለ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሠራላት። ቁስሉ እስኪድን ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በመርፌ የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ «ርካሽ ነው» ብሎ የሚያቀርብልዎ ቢኖር አይቀበሉ፤ የማኅፀን መመረዝና የጡት ዕጢ ያመጣል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ መምከኗ የድራቱን ጩኸት ያስቀራል እንጂ የሃይላንዱን ክዳን አያስጥላትም፤ ለእርሱ የማታው አደን ይቀጥላል።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብል ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ እንደ ውሻ እንኳ ከእህል ጋር አትላመድም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ሲጎድልባት የዓይኗ ውስጠኛ ክፍል ይጎዳል፤ የልቧ ጡንቻም ይላላል፤ የልቡ ነገር የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ሽሮ በእንጀራ የበላች ድመት ሆዷ ይሞላል፤ ሰውነቷ ግን ረኀብተኛ ነው፤ ረኀብተኛ ድመት ደግሞ ሌሊት አትተኛም። ወጡም ሌላ ችግር አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬውም የበሰለውም ዱቄቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የማይሠራ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ የድመቷ ድስት ለብቻው ይሁን። ሳንባ ርካሽ ቢሆንም ብዙ ጥቅም የለውም፤ ጥሬውን ከሰጧት ደግሞ ተውሳክ ያስተላልፋል። ከሥጋ ቤት የበሬ ልብ ይጠይቁ፤ በታውሪን የበለጸገ ነው። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅለው፣ በትንሹ ከትፈው፣ ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ ከነመረቁ ይስጧት። የተቀቀለ ዶሮ፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣና እንቁላል በየተራ ይጨመሩ። ጉበት በሳምንት ጥቂት ብቻ፤ ከበዛ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ አጥንቷን ያበላሻል። በ55ቱ ቀን ጾም ቤትዎ ውስጥ ሥጋ መቀቀል የሚከብድዎ ከሆነ ለዚያ ጊዜ ደረቅ የድመት ምግብ ገዝተው ቢያስቀምጡ ይበጃል። ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለአንዲት ድመት በቀን የሚያስፈልገው ከእፍኝ ብዙም አይበልጥም፤ ለእንቁላል ካርቶኑ ጨዋታም የሚሆነው እርሱ ነው።

የታችኛው ፎቅ

የጠያቂዋ ጎረቤት አይደለሁም፤ ነገር ግን ድመት ባለው ቤት ሥር ስለምኖር የእኛንም ወገን ላንሣ። ሴራሚክ ላይ የሚንከባለል ክዳን ታች ላለ ሰው በጣም ይሰማል፤ ሩጫው እንኳ ያን ያህል አይረብሽም፤ የሚቀሰቅሰን ያ ቀጭን ኳኳታ ነው። ማታ ማታ ከሶፋና ከምድጃ ሥር መጥረጊያ አስገብተው ክዳኖቹን፣ እስክሪብቶውንና ሳንቲሙን ቢጠርጉ፣ በምትኩም ልጆች የሚጫወቱበትን ዓይነት የካልሲ ኳስ ሠርተው ቢተዉላት ግማሹ ችግር በዚያው ሌሊት ይቀላል። መሮጫዋ ኮሪደሩ ከሆነ አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፍበት።

አሮጊት ድመት ያለኝ

ይህን የሚያነብና ትልቅ ድመት ያለው ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው የምጽፈው። የጠያቂዋ ድመት ልጅ ስለሆነች ጉልበት ነው፤ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናት፣ ሌሊት ተኝታ የምታድር ድመት በድንገት መጮኽና መንቆራጠጥ ከጀመረች ግን ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የእኔዋ እየበላች ትከሳ ነበር፤ ውኃም አብዝታ ትጠጣ ነበር፤ እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያ ውስጥ ሐኪሟ በደም ምርመራ የታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ እንደሚሠራ ነገረችኝ። በድመቶች ላይ ይህ በሽታ በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ ባረጁ ድመቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። በየቀኑ በሚሰጥ ኪኒን ይያዛል፤ በጨረራ አዮዲን ደግሞ ፈጽሞ ሊድን ይችላል። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ድካም፣ የጆሮ መደንቆርና የእርጅና መርሳትም ያንኑ የሌሊት ጩኸት ያመጣሉ፤ በውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ያለ ምርመራ አይለዩም። መርሳቱ ላይ የደረሰች ድመት ከሆነች ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት አብርቶ ማሳደር ይረዳል፤ የምትጮኸው ያለችበት ስለሚጠፋት ነውና ዝም ብሎ መተው ለእርሷ አይሠራም።

የሰሚት ነዋሪ (ጠያቂ)

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጓደኛዬ «ሁለተኛ ድመት ጨምሪላት፤ እርስ በርስ ተጫውተው ይደክማቸዋል» ትለኛለች። ይህ ይሠራል? ደግሞስ ሌሊት በሩን ልዝጋው ወይስ ልተወው?

ከስቶክሆልም

ሁለት ድመት ስላለኝ እኔ ልመልስ። ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ ትምከን፤ የማታው ጨዋታም ይለመድ። ከዚያ በኋላም ሌሊቱ ያው ከሆነ ዕድሜዋና ጉልበቷ የሚቀራረብ፣ የመከነ ወንድ ቢመጣላት ከሌላ ሴት ይልቅ የመስማማት ዕድላቸው የተሻለ ይመስለኛል። ድመት ግዛቷን የምትጠብቅ እንስሳ ስለሆነች በአንድ ቀን አይደባለቁም፤ አዲሱ በአንድ ክፍል ተዘግቶበት በበሩ ሥር እየተሻተቱ፣ በሩ ግራና ቀኝ ምግብ እየበሉ ቆይተው ነው የሚገናኙት። ሁለት ሳሕን፣ ሁለት መኝታና ቢቻል ሦስት የሚጸዳዱበት የአሸዋ ሳጥን ያስፈልጋል። ስቱዲዮ ቤት ከሆነ አልመክርም፤ የተጣሉ ሁለት ድመቶች ከአንዲት ሯጭ ይልቅ ይረብሻሉ።

የእንስሳት ሐኪም

በሩን በተመለከተ፣ ሁለቱም ይሆናል፤ የማይሆነው አንድ ሌሊት ዘግቶ አንድ ሌሊት መክፈት ነው። ለመዝጋት ከወሰኑ ውኃዋ፣ የአሸዋ ሳጥኗና ሞቅ ያለ መኝታዋ ሳሎን ይሁኑ፤ የለበሱትን ያልታጠበ ልብስ መኝታዋ ላይ ቢያነጥፉላት ጠረንዎን ስለምታውቀው ቶሎ ትረጋጋለች። ከበሩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ለመርገጥ የማይመች ነገር ቢነጠፍ ለመቧጠጥ የምትቆምበት አይመቻትም። ክትባቱን ገና ካልወሰደች ስለ ማምከኑ ለመነጋገር ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት አብሮ ያልቃል። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሲይዙም ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ እንደሚከለከልላት ይጠይቁ፤ ማደንዘዣ በባዶ ሆድ ስለሚሰጥ በዚያች ሌሊት መጮኋ አይቀርምና ለታች ጎረቤቶችዎ ያን ቀን ደግመው ይንገሯቸው።